በጎረቤቴ ጉልበት ቀናሁ

ዛሬ ጠዋት ልደታ ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ቆሜ ሳለከልክ፣ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በከዘራ እየተደገፉ፣ የዳቦ ፌስታል አንጠልጥለው አለፉኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅናት አንገበገበኝ።

እሳቸውና እናቴ እኩያ ናቸው። ሁለቱም የጉልበት ቁርጥማት አለባቸው። እናቴ ግን ከአራተኛ ፎቅ ከወረደች ዓመት ሊሞላት ነው።

«እትዬ፣ የትኛውን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?» አልኳቸው። ድምፄ ሳይጎመዝዝ አልቀረም።

«የእናትሽን ነዋ። እኔ ግን የሚላላክልኝ ልጅ የለኝም። ዳቦዬን ራሴ ካልገዛሁ ማን ይገዛልኛል?»

እኔ ደግሞ እናቴን ውኃ እንኳ ተነስታ እንዳትቀዳ ከልክዬ «ጎበዝ ልጅ» እየተባልኩ ነው።

ሐኪሟ ባለፈው ቤት መጥቶ አይቷት «መቀመጡ ጡንቻዋን እያደከመው ነው፤ ክብደት ጨምራለች፤ መውደቅ ስለምትፈራ ደግሞ ይበልጥ ትቀመጣለች» ሲለኝ እንዳልሰማ ሆኜ ነበር።

ቤት ገብቼ «እማዬ፣ አብረን እንውረድ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና «ተቀመጪ ስትዪኝ እኮ ነው የተቀመጥኩት» አለች።

እጄን ጨብጣ፣ እያረፈች፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወረደች። ስንመለስ መሀል ላይ እጄን ለቀቀችና የብረቱን መደገፊያ ይዛ ወጣች።

በእትዬ አስካለ አሁንም እቀናለሁ።

እናንተስ፣ በፍቅር ብዛት ወንበር ላይ ያስቀራችሁት ሰው አለ? እንዴት አስነሳችሁት?