የተለቀለቀው ግድግዳ

በሕይወቴ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩት የመጀመሪያ ነገር ግጥምም ተረትም አይደለም፤ ስለ ጎርፍ የተጻፈ የቃላት መፍቻ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። አንድ ፕሮጀክት በጀማ ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች መዝግቦ የባሰባቸውን ወደ ዳገት ሊያወጣ አሰበና መጽሐፉን እንድተረጉም፣ ቤቶቹንም እንድመዘግብ ቀጠረኝ። ከወንዙ በላይ ባለችው ዓለም ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ተቀመጥኩ። የሞላሌ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ብርድ ነው፤ ጎርፍ እኛ ዘንድ ወደ ሌላ ሰው አገር የሚሄድ ነገር ነው።

ክፍሌ ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ያ መጽሐፍ ነበሩ። የማነጋግረው ሰው ስላልነበረኝ ቃላቱን ጮክ ብዬ አነብ ነበር። «የጎርፍ ሜዳ» አላስቸገረኝም። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ግን አስቸገረኝ። በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል አለው ማለት ነው ይላል መጽሐፉ። ይህንን ለአንድ የወንዝ ዳር ሽማግሌ ላስረዳ ስሞክር፣ ካቻምናም መጥቶ አምናም ስለ መጣ እንግዲህ ሁለት መቶ ዓመት ኖርን ማለት ነው ብለው ሳቁብኝ። ስለ ጎርፍ ኢንሹራንስ የሚያወራው ምዕራፍ ከሁሉ ይረዝማል። ብዙ አሰብኩና እንደ ዕድር ነው አልኳቸው። ለቅሶ ይቀመጣል ወይ አሉኝ። አይቀመጥም ስል ነገሩ እዚያው ቀረ።

የኮራሁበት ትርጉም «ከባድ ጉዳት» የሚለው ነበር። ውሃው ከወገብ በላይ የደረሰበት ቤት ከባድ ጉዳት ደርሶበታል ይባላል፤ እዚያው ቦታ ላይ አይታደስም፤ ባለቤቱ ዳገት ላይ ቦታ ይሰጠዋል። ማስረጃው ምን ይሁን ለሚለው፣ «በግድግዳው ላይ በዓይን የሚታይ የውሃ ምልክት» ብዬ በፕሮጀክቱ መመሪያ ላይ ጻፍኩ። እንግዲህ ማንም አያታልለንም ብዬ ደስ አለኝ። ሰው ጉዳቱን ያጋንናል እንጂ ይደብቃል ብዬ አላሰብኩም። እናቴ እግሯ ተሰብሮ እንኳ ለጠያቂ ሁሉ «ደህና ነኝ» ስትል የኖረች ሴት ናት፤ ቢያንስ እሷን ማስታወስ ነበረብኝ። መጽሐፉ ውስጥ ግን ይሉኝታ የሚባል ቃል አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ጎርፉ መጣ። ጥቅምት ላይ ልመዘግብ ስነሣ፣ በደንቡ መሠረት የምወርድበትን ቀን ለቀበሌው ሊቀመንበር አስቀድሜ ላክሁለት። እሱም እንደ አገሩ ልማድ እንግዳው ምሳ የሚበላበትን ቤት መደበ። የተመደቡት እማሆይ ነበሩ። እማሆይ ባላቸው ሲሞት ቆብ የደፉ፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው፤ እንግዳ በመቀበል የሚደርስባቸው የለም ይባላል።

መንደሩ አሥር ቤት ነው። ዘጠኙን እስከ ምሳ ሰዓት ዞርኩት። በሁሉም ግድግዳ ላይ ከወገብ በላይ የደረቀ የደለል መስመር ነበር። ሰዉ ሁሉ ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ ስለ ከረመ ቤቱን ገና አልነካውም። መስመሩን እየለካሁ ጻፍኩ። አሥረኛው የእማሆይ ቤት ነበር።

ገብቼ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አጎዛ ተነጥፎልኛል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእበት ተለቅልቋል፤ ገና እርጥብ ነው። እጄን አስታጠቡኝ፤ ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ ዛፍ ላይ ከተሰቀለው ቀፏቸው የቆረጡትንም ማር ጨመሩልኝ። «በሞቴ» እያሉ አጎረሱኝ። ዓለም ከተማ ከገባሁ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር፤ በስምንት ወር ውስጥ በሞቴ ያለኝ ሰው አልነበረም። ምግብ ቤት ገብቼ ለብቻዬ እበላለሁ፤ ከፍዬ እወጣለሁ።

ውሃው የት ድረስ እንደ ደረሰ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ ደህና ነን፣ ተመስገን። ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ። ይልቅ ብላ» አሉኝ።

የጠየቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግድግዳው ለምን እርጥብ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ ሲጥለቀለቅ የእሳቸው ቤት ብቻ እንዴት እንደ ዳነ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን እንግዳ መሆን ናፍቆኝ ኖሯል፤ ያን ሰዓት መዝጋቢ መሆን አላማረኝም። መርቀው ሸኙኝ። ከደጃቸው ትንሽ ራቅ ብዬ «ምልክት የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ ላይ ዝርዝሩ ጸድቆ መጣ። ዘጠኙ ቤተሰብ ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ ዳገት ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ሊቀመንበሩ ገበያ ላይ አገኘኝና እማሆይን ለምን እንደ ተውናቸው ጠየቀኝ። ምልክት አልነበረም አልኩት። ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። ውሃው እሳቸው ቤት አንገት ድረስ ደርሶ ነበር፤ እሳቸውም ያመለጡት ጣራው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ወጥተው ነው። እኔ እመጣለሁ ሲባል ግን የቤት ገመና ለእንግዳ አይታይም ብለው፣ እበት ከየቤቱ ለምነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲለቀልቁ ሰነበቱ። ምሳ እሳቸው ቤት ባይመደብ ኖሮ እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው ይተዉት ነበር።

አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ። ዝርዝሩ ተዘግቷል አለኝ። መመሪያውን ገልጦም የገዛ ቃሌን አነበበልኝ፤ «በዓይን የሚታይ» ይላል። አይተሃል ወይ ሲለኝ አላየሁም አልኩ። ውሃ እንደገና ከገባ በሚመጣው ጥቅምት መመዝገብ ይቻላል ብሎ አሰናበተኝ። ጥቅምት ደግሞ ከክረምቱ ማዶ ነው።

ግንቦት ሲያልቅ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከመንደሩ የቀሩት የምድጃ ድንጋዮችና የምሰሶ ጉድጓዶች ነበሩ። ውሻ እንኳ አልጮኸብኝም። እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ እንዝርቱን አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ያን ቀን ምን አጎደልኩብህ?» አሉኝ።

ምን ለማለት እንደ ፈለጉ አልገባኝም።

«ሁሉን አውጥተህ እኔን ስትተወኝ፣ በምግቡ ይሆን፣ በአነጋገሬ ይሆን እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ። ማሩ ሰፈፍ ነበረበት፤ እሱ ይሆን?»

በምግቡ እንዳልሆነ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ምሳ በልቼ እንደማላውቅ፣ ነገሩ ሁሉ ግድግዳው መሆኑን ነገርኳቸው። መመሪያውን የጻፍኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ፈካ።

«ተመስገን፤ እንግዲያስ አልተቀየምከኝም» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ክረምቱን ከዘመድ ዘንድ ይክረሙ ብላቸው፣ ዘመዶቼ እነዚያ ዳገት የወጡት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ እነሱም ገና ዳስ ውስጥ ናቸው አሉኝ። ክፍሌን ልልቀቅልዎ አልኳቸው፤ ሳቁብኝ። በመጨረሻ ውሃ ከገባ ግድግዳውን እንዳይነኩት ለመንኳቸው። እሳቸውም እንዝርታቸውን አነሡ።

ነሐሴ ላይ ውሃው ሁለት ጊዜ ገባ። ሁለቱንም ጊዜ ቆጥ ላይ የወጡት ብቻቸውን ነው፤ ቢጣሩ የሚሰማ ሰው በአጠገባቸው አልነበረም። ይህን የሰማሁት መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። እኔ ዓለም ከተማ ቆርቆሮ ሥር ተኝቼ፣ ዝናቡ ባባሰ ቁጥር እየተነሣሁ እቀመጥ ነበር። ይህም ለእሳቸው ምንም አልፈየደላቸውም።

ጥቅምት ላይ ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። ማንም ምሳ አልመደበልኝም። እማሆይ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው በራቸው ላይ ቆመዋል። በትከሻቸው በኩል ግድግዳው ይታየኛል፤ ደለሉ አንገቴ ድረስ ደርሶ ደርቋል፤ መደቡ ፈርሷል፤ ሁሉም ውሃው እንደ ተወው ነው። እንደ ለመንኳቸው አልነኩትም። በዚያ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ «ግባ» ያላለኝ ቤት አላውቅም። እሳቸው ግን መንገድ አልለቀቁልኝም።

«ከደጅ ሆነህ እየው፤ ይታያል» አሉኝ።

ከደጅ ሆኜ አየሁ፤ «ከባድ ጉዳት» ብዬም ጻፍኩ። ጽፌ እስክጨርስ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው ቆዩ። ታኅሣሥ ላይ ዳገቱ ላይ ቦታ ተሰጣቸው፤ ጎረቤቶቻቸውም ተረዳድተው ቤት ሠሩላቸው። ቤቱ ሲመረቅ ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ ነበር። እሳቸው ስላልጠሩኝ አልሄድኩም።