ሦስተኛዋ የበቆሎ ፍሬ

ይህ ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑን እጠራጠራለሁ። ዛሬ ወልድያ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የጧፍ ሰም ሲሸተኝ ግን መርሳ ከተማ ያለው የልጅነት ቤታችን ትዝ አለኝ። አያቴ፣ ሟች ወንድማቸው ክራር የመቱበት አንድ የሙዚቃ ሸክላ ነበራቸው። ለማጫወቻው ከወልድያ መርጠው ያመጡት አዲስ መርፌ እየዘለለ ሲያስቸግራቸው፣ ከአናቱ ላይ ሁለት የበቆሎ ፍሬ በጧፍ ሰም ለጠፉበትና የክራሩ ድምፅ ጠራ።

«አባባ፣ ሦስተኛ ልጨምርልዎ?»

«ተይ ልጄ፣ መርፌው ከከበደ ሸክላውን ይቆፍረዋል።»

አልገባኝም። ግራና ከተማ ገበያ በሄዱበት ቀን ላስደስታቸው ብዬ ሦስተኛዋን ፍሬ ጨመርኩና እስኪመለሱ ደጋግሜ አጫወትኩት። መርፌው ክራሩን ፋቀው፤ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሲመጡ ሸክላውን አጫውተው አዳመጡ።

«አይዞሽ፣ ክራሩ ከሥሩ አለ» አሉኝ።

ያንን ሽሽሽ የሚል ድምፅ በየእሑዱ ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰሙ ነበር፤ እስካረፉበት ቀን፣ እስከ ኅዳር አሥራ ሁለት ድረስ።