መኪናዋ ያላየችው ጀናዛ

ነገሩ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ያኔ ኢሕአዴግ ገና በሥልጣን ላይ ነበር፤ አስፋልትም ወደ እኛ አገር ብቅ ማለት የጀመረበት ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ስለፈራሁ ብቻ አይደለም። ማንበቤ ሰው አተረፈ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር የምችለው ስለዚያ ቀን ስለሆነ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጠባይ አለብኝ፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘውን ወረቀት እንኳ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ። ቤተሰቦቼ በዚህ ይስቁብኛል።

የዚያን ሰሞን እናቴ አዲስ አበባ ዓይኗን ታክማ ወደ ቤት የምትመለስበት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሙሄ ዐረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት ሹፌር ሆኖ ሠርቶ ከተመለሰ ገና ሦስት ወሩ ነው። እዚያ አብሮት የሠራ ጓደኛው አዲስ መኪና አስመጥቶ ስለነበር፣ “እናትህን በአውቶቡስ አታንገላታት” ብሎ አዋሰው። እናቴ አንድ ዓይኗ እንደታሸገ ከኋላ ጋደም አለች፤ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ።

ከከተማ እንደወጣን ሙሄ መሪው ላይ ያለች ቁልፍ ነካ አደረገና ሁለቱንም እግሮቹን ሰበሰበ።

“እትዬ፣ እግሬን እያየሽ ነው? ክሩዝ ይባላል። ፍጥነቱን ሞላሁላት፣ በቃ። ፊት መኪና ካለ ራሷ ትቀንሳለች፤ ከሌለ ራሷ ትጨምራለች። ከሪያድ ጅዳ እንዲህ ቁጭ ብዬ ነበር የምነዳ።”

እውነትም ትሠራለች። ፊታችን አውቶቡስ ሲዘገይ ትዘገያለች፣ ሲፈጥን ትከተላለች። እናቴ፣ “ሱብሃነላህ! ከአንዳንድ ሰው ትሻላለች” አለች።

እኔ ግን ፊቴ ያለውን ሳጥን ስከፍት የመኪናዋን መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። መዝገበ ቃላቴ ከቦርሳዬ አይለይም። ደጎሎ እስክንደርስ ስለ ክሩዝ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሁለት ነገር ይላል። ፊት ያለው መኪና መሥመሩን ለቆ ሲወጣ፣ መኪናዋ ወደተሞላላት ፍጥነት ትመለሳለች። ቀጥሎ ደግሞ፣ እግረኛን፣ እንስሳንና የቆመ ነገርን ላትለይ ትችላለች።

“ሙሄ፣ ሰው ላትለይ ትችላለች ይላል።”

“እትዬ፣ እሱ ፋብሪካው እንዳይከሰስ ለጠበቃ የጻፈው ነው።”

“ለሹፌር ነው የሚለው። እግርህን ፍሬኑ አጠገብ አድርግ ይላል።”

“መኪና በመጽሐፍ አይነዳም!”

እናቴም ከኋላ፣ “ተይው ልጄ፣ እሱ ዐረብ አገር የነዳ ነው። አንቺ ከመጽሐፍ ሌላ ምን ነድተሽ ታውቂያለሽ?” አለች። ሳቁብኝ። መጽሐፉን ግን አልዘጋሁትም።

ከደጎሎ ወጥተን ሜዳው ላይ እህል የጫነ አይሱዙ ፊታችን ገባ። ከነሸራው ትልቅ ስለነበር ከእሱ ወዲያ ያለው ምንም አይታየንም። እሱ ቀስ ሲል የእኛም መኪና ቀስ አለች። ትንሽ እንደሄድን አይሱዙው ምልክት አሳየና ወደ ቀኝ ዳር ያዘ።

ሙሄ አንገቱን ወደ አይሱዙው አዙሮ፣ “ጎማ ፈነዳበት መሰለኝ” አለ። እግሮቹ እንደተሰበሰቡ ናቸው። ያኔ የመኪናችን ሞተር ጮኸ። ፊቷ ያለው መንገድ የተለቀቀላት መስሏት ፍጥነቷን ትጨምር ጀመር።

እኔም ወደ አይሱዙው አየሁ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሩን እየከፈተ ነው። በእኛ አገር ሹፌር እንዲህ የሚያደርገው አንድ ነገር ሲያይ ብቻ ነው። ለቀብር የሚሄድ ጀናዛ ሲመጣ መኪና ዳር ይይዛል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ሹፌሩም ወርዶ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ሟቹ እስላም ይሁን ክርስቲያን የሚጠይቅ የለም። ሙሄ በአሥራ አንድ ዓመት ይህንን ረስቶታል።

“ፍሬን! ሙሄ፣ ፍሬን ያዝ! ጀናዛ ነው!”

ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን የጮህኩት የሌላ ሰው ጩኸት መሰለኝ። ሙሄ ምን እንደሆነ ሳያይ፣ በእኔ ቃል ብቻ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው ሲጢጥ አለ፤ እናቴ ከመቀመጫዋ ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች። ቀና ስንል ከመንገዱ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር የወጣው ቃሬዛ አስፋልቱ መሐል ነው። የተሸከሙት ሰዎች ወደ እኛ እያዩ ቆመዋል። አንዱም ትከሻውን አላወረደም።

ከመኪናዋ አፍንጫ እስከ ፊተኛው ተሸካሚ ዘጠኝ እርምጃ ነበር። ወርጄ ስለለካሁት ነው የማውቀው።

መጀመሪያ እናቴን አየኋት፤ ዓይኗ ላይ የታሸገው ነገር አልተነካም። “አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ፣ ሂዱ እነሱን ይቅርታ ጠይቁ” አለች።

የአይሱዙው ሹፌር አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ጎልማሳ ነው። ወደ ሙሄ መጥቶ፣ “ምነው ወንድሜ፣ ሟቹን ልትቀድመው ነበር?” አለው።

ከቀባሪዎቹ አንድ ሽማግሌ ግን አልተቆጡም።

“ልጄ፣ ፊትህ ያለው ዳር ሲይዝ አላየህም?”

“አይቻለሁ አባባ።”

“ታዲያ?”

“መኪናዋ… ራሷ ትቆማለች ብዬ ነው።”

“አይ ልጄ! መኪና መቼ ቀብር ታውቃለች? አንተ ነህ እንጂ የምታውቅ።”

ሙሄ ነጠላውን ከመኪናዋ አወጣና ሄዶ ትከሻውን ለቃሬዛው ሰጠ። የአይሱዙው ሹፌርም ከጎኑ ገባ። እስከ መቃብሩ ሸኝተው ሲመለሱ የሙሄ ጫማ በአፈር ተሸፍኗል። ገብቶ መሪውን ጨበጠ፤ የክሩዟን ቁልፍ ግን አልነካትም።

“እትዬ፣ እስኪ ያንን መጽሐፍ አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው።”

እያነበብኩ በአማርኛ ነገርኩት። እስከ ከላላ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠኝም። ስጨርስ እናቴ ከኋላ፣ “ስለ ጀናዛ ምን ይላል?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ስለ ጀናዛ የለበትም እማ።”

“እንግዲያው ጎደሎ ነው። ጻፊበት።”

ተማሪ መጽሐፍ ላይ ሲጽፍ ባገኝ የምቀጣ እኔ ነኝ። መጽሐፉም የሰው ነው። ከላላ ላይ ለሻይ ስንቆም ግን እስክሪብቶዬን አወጣሁና በኅዳጉ ላይ፣ በአማርኛ፣ በጥንቃቄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ፊትህ ያለው መኪና ዳር ከያዘ ምክንያት አለው። መንገዱ ለአንተ የተለቀቀ አይምሰልህ። እግርህ ፍሬን ላይ ይሁን።”

ሙሄ መኪናዋን ሲመልስ ለባለቤቱ የሆነውን ሁሉ ነግሮ ገጹን አሳየው። ሰውየው በኋላ መኪናዋን ሲሸጣት፣ ለገዢው ከቁልፉ በፊት ያንን ገጽ ገልጦ እንዳስነበበው ሰምቻለሁ። ሙሄ አሁን በመካነ ሰላምና በደጎሎ መሐል ሚኒባስ ይነዳል። አዲስ ረዳት ሲቀጥር፣ “እኔን መንዳት ያስተማረችኝ እህቴ ናት” ይላል። መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ መሪም ጨብጬ አላውቅም። ሆኖም ሲለው አላርመውም።