ለብርድ የምትተኛው በለስ

በማርጊላን ከተማ ባለው ሰፈራችን ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ሰው ሁሉ ማገዶውን ይከምራል፤ የበለስ ዛፉንም ወደ መሬት አጉብጦ አፈር ያለብሳል። አፈር ያልለበሰች በለስ ውርጩን አታልፍም። ጥጉ ላይ ያሉት ሽማግሌ ግን ይህን ሥራ እንደ እርቅ ድርድር ያካሂዱታል።

«በይ እንግዲህ ዝቅ በይ! ዘንድሮም ኩራት አለ?» ይሏታል፣ ቅርንጫፏን በጉልበታቸው ተጭነው። ወገባቸው ከእሷ ቀድሞ ይታጠፋል። ልጆቻቸው «ደክመዋል፤ ትቆረጥ» ካሉ ወዲህ አካፋቸውን ለማንም አያስነኩም።

ጎረቤታቸው ሳኖባር የሻይ ስኒ ይዛ በአጥሩ በር ብቅ አለች።

«አባባ፣ ዘንድሮ የምንቀብረው ማንኛችሁን ነው?»

«ተራዬን እየጠበቅሁ ነው። አንቺ ሻይሽን አታቀዝቅዢ!»

ቅርንጫፎቹን የጠቀለሉት በሟች ባለቤታቸው ካፖርት ነው። አዝራሮቹን አንድ በአንድ ቆልፈዋል፤ የላይኛው ረጅምና ጠማማ በሆነ የወንድ ስፌት ተተክሏል። የራሳቸው ኮት ግን አንድም አዝራር የለውም፤ በገመድ ታስሯል። አፈሩን ጥቂት እንደመለሱ ትንፋሽ አጥሯቸው አካፋው ላይ ተደገፉ።

«ይህን ያህል የሚለፉላት» አለች ሳኖባር፣ «ፍሬዋ ምን ቢጣፍጥ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! በለስ አልወድም። የምትወደው እሷ ናት» አሉ፣ የካፖርቱን ኮሌታ እያስተካከሉ።

ሳኖባር ገብታ ስኒውን ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው ዛፏን አዩ፤ ግማሽ ጎኗ ገና እንደተራቆተ ነው። ከዚያ ስኒውን ተቀበሉና አካፋውን አቀበሏት።

«በቀስታ» አሉ፣ «በአንገቷ በኩል አትጫኛት።»