የአባቴ ወንበር ማሞቂያ

ዛሬ ከመሐል ሜዳ ወደ ሞላሌ ስንመለስ ባለቤቴ ነዳች፣ እኔ ከጎኗ፣ ሁልጊዜ አባቴ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። የወንበሩን ማሞቂያ ተጫንኩት፤ መብራቱ በራ። ወንበሩ ግን በረዶ!

ያገለገለች መኪናዬን ስገዛት ፉል ኦፕሽን አልነበረችም፤ የወንበር ማሞቂያ አልነበራትም። የመንዝ ብርድ የአባቴን ወገብ ሲይዘው ጊዜ አዲስ አበባ ወሰድኳት። "ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጌ እገጥምልሃለሁ" ያለኝ ሰው ማሞቂያ ገጠመልኝ።

ሞላሌ ስንደርስ ኤሌክትሪሺያን ወንበሩን ፈታው። ማብሪያው የራሱን መብራት ብቻ ነው የሚያበራው፤ ከወንበሩ ስር አንድም ሽቦ የለም። (መብራቱ እንኳን ኦርጅናል ነው፣ አይካድም።)

አባቴ ግን ክረምቱን ሙሉ "ሞቀዎት?" ባልኳቸው ቁጥር "ሞቆኛል ልጄ፣ ተባረክ" ይሉኝ ነበር።

ቤት ገብቼ "ለምን አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ "እንደዚያ ደስ ብሎህ ስታበራው እያየሁ ምን ልበልህ?" አሉኝ።

ማሞቂያ ገጠምኩልህ ያለኝን ሰውዬስ ሌባ ብዬ ሰደብኩት። ክረምቱን ሙሉ እየጠየቅኩ፣ አንድ ቀን እንኳ እጄን ወንበሩ ላይ ያላሳረፍኩትን እኔንስ ምን ልበል?

እናንተም ቤት እየበረደው "ሞቆኛል" የሚላችሁ ሰው ይኖራል። መጀመሪያ ሄዳችሁ ወንበሩን ዳስሱት፣ ከዚያ ጻፉልኝ።