የተረጂ ስምና ፊርማ

ቀበሌ፣ ልማት ቡድን፣ አንድ ለአምስት እየተባለ ሰው እንደ በግ በሚቆጠርበት ዘመን የእኛም ማኅበር ተቆጠረ። አሥራ ሁለት ነን። በየወሩ ጠላና ዳቦ እንዘክራለን፤ አቅም ላጣ እናርሳለን፣ እናጭዳለን። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። የተመረጥከው በጽሕፈትህ ሳይሆን በውሸትህ ነው ይሉኛል፤ ይቅር ይበላቸው።

መሐል ሜዳ ከተማ ካለው የወረዳ ቢሮ የመጣው የሪፖርት ቅጽ የማይጠይቀው ነገር የለም። ያስቸገረን ግን አንድ መስመር ነው፦ «የተረጂ ስምና ፊርማ»። እሱ ባዶ ከሆነ ፈቃድ አይታደስም። ያለ ፈቃድ አሥራ ሁለት ወንድ ተሰብስቦ መገኘት ደግሞ በዚያ ጊዜ «ጠላ ልንጠጣ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ተረጂያችን መሪጌታው ነበሩ። ግማሹን አገር ዜማ ያስተማሩ፣ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ግን ማሳቸውን ማጨድ ያቃታቸው ሰው። «እርዱኝ» ከሚሉ ገደል ቢገቡ ይመርጣሉ። ስለዚህ በየዓመቱ በነቢያት ጾም፣ እሳቸው ከሰዓት ቅዳሴ ሲገቡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ያለውን ገብሳቸውን አጭደን፣ ከምረን እንጠፋለን። ለጠየቃቸው ሁሉ «መላእክት አጨዱት» ይላሉ። እኛም ዝም። ስማቸው በተረጂነት ተመዝግቦ በቀበሌ ስብሰባ ቢነበብ ግን በማግሥቱ በትራቸውን ይዘው አገር ጥለው እንደሚሄዱ ማንም አይጠራጠርም።

ስለዚህ የራሴን ስም ጻፍኩ። ጽፌም አላቆምኩ፤ ልጆቼን ዘጠኝ አደረስኩ፣ በሬዬን ገደልኩ፣ ጣሪያዬን በነፋስ አስወሰድኩ። የወረዳው ሰው አንብቦ ሳያለቅስ አልቀረም። አርብ ዕለት፣ ልክ በአጨዳው መሐል፣ «ላጣራ» ብሎ ከተፍ አለ።

«ተረጂው የታለ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።» ሆዴን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

«ማሳው ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።» ከላይ ቅዳሴው እያለቀ ነው፤ አሁን «እትዉ በሰላም» ሊባል ነው። ሰውየው ግን አይቸኩልም፤ የልጆቼን ስም ጠየቀኝ። ሁለቱን ነገርኩት። ከዚያ ወደ ጎረቤት ልጆች ተሻገርኩ፤ እነሱም ሲያልቁብኝ ነቢያትን መጥራት ጀመርኩ። ኤርምያስ ላይ ስደርስ በትር ድንጋዩን ቋ፣ ቋ ሲያደርግ ተሰማ።

«ማነው ማሳዬ ላይ?» አሉ መሪጌታው።

የወረዳው ሰው እኔን አየ፤ ወደ እሳቸውም ዞረ። «አባቴ፣ ማሳው የርስዎ ነው እንዴ? እነዚህ ናቸው የሚረዱዎት?»

ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን የሚረዳኝ እግዚአብሔር ነው።»

«ታዲያ ማን አጨደልዎ?»

«መላእክት።»

«መላእክት እኛ ዘንድ አልተመዘገቡም፣ አባቴ። እውነቱ ካልተነገረኝ ፈቃዱን እሰርዛለሁ።»

መሪጌታው በበትራቸው እየፈለጉ ወደ ሰውየው ድምፅ ቀረቡ።

«ወረቀትህ ላይ ምስክር የሚል ቦታ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው እዚያ ላይ እኔን ጻፈኝ። ዓይኔ ባያይ ጆሮ አለኝ። በየዓመቱ ከቅጥሩ ውስጥ ሆኜ አሥራ ሁለት ማጭድ እሰማለሁ። አሥራ አንዱ ያጭዳል፤ አንዱ ይነጫል። የሚነጨው የዚህ የቀጣፊው ነው። መሥራታቸውን እመሰክራለሁ። የማንን እንደሠሩ ምስክር አይጠየቅም።»

ሰውየው አውራ ጣታቸውን ቀለም ሊያስነካ ቢል እጃቸውን ነጠቁት። «ብዕር!» አሉ ተቆጥተው። ወረቀቱን ዳብሰው፣ ብራና የሚጽፉ ይመስል አሳምረው ፈረሙ።

የወረዳው ሰው ፊርማውን ለረጅም ጊዜ ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «ተረጂው አንተ ነህ፣ አይደል?»

«ነኝ።»

«ዘጠኝ ልጅ?»

«ሰባቱ ገና መንገድ ላይ ናቸው።»

ሳቁን ዋጠው። «ሰኞ መጥታችሁ ፈቃዱን ውሰዱ» ብሎ ሄደ።

በኋላ በቀበሌው ስብሰባ የተነበበው የኔ ስም ነው። «መቼ ነው እንዲህ ያደኸየኸኝ?» ብላ ሚስቴ ሳምንት አኮረፈችኝ። በድንጋጤ ማሳው ላይ ጥዬው የመጣሁትን ማጭድ ግን ከአጨዳው በማግሥቱ ደጄ ላይ አገኘሁት፤ ጢም እስኪላጭ ተስሏል።

«ማነው የሳለው?» አለች ሚስቴ።

«መላእክት» አልኳት።