የመርከበኛ ሚስት አትሸኝም

ሀል በምትባል የዓሣ አጥማጆች ወደብ ሰው ሲሄድ ወጥቶ ማሰናበትን «ሲ ኦፍ» ይሉታል። ሙሽራውም፣ ወታደሩም፣ በባቡር የሚሄደውም በዚሁ ቃል ይሸኛል። ዓሣ ለማጥመድ ወደ በረዶው ባሕር የሚወጣ ባል ግን አይሸኝም። ሚስቱ ወደቡ ድረስ ከተከተለችው ባሕሩ ያስቀረዋል ባዮች ናቸው።

ዶሪን ይህን ማን ነግሯት! ያደገችው ከባሕር ርቃ፣ ድንች ከሚያመርቱ ገበሬዎች መካከል ነው። በተጋቡ በወሩ ባሏ ዊልፍ የሱፍ ጓንቱን ረስቶ ሲወጣ ጓንቱን ይዛ ከኋላው ሮጠች። ስትደርስ መርከቡ ከወደቡ እየወጣ ነበር። እጇን አውለበለበችለት። ዊልፍ አያትና ወዲያው ፊቱን አዞረ። ምን አጠፋሁ እያለች ተመለሰች።

አማቷ ኤልሲ የሆነውን ስትሰማ በሩን ዘጋች። እሷም ባሏን ባሕር የበላባት ናት።

«ልጄ፣ እዚያ ማን አየሽ?»

«ማንም አላየኝም።»

«እንግዲያው ትንፍሽ እንዳትዪ። አንድ ነገር ቢሆን አንቺ ነሽ የገደልሽው ነው የሚሉት።»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሃያ አንድ ቀናት ዶሪንን ጨረሷት። መርዶ የሚያደርሰው ሰውዬ ወደ ሰፈሩ ብቅ ባለ ቁጥር መጋረጃ ጀርባ ቆማ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ታያለች። አንድ ቀን የጎረቤቷን በር አንኳኳ። ተመስገን አለች፤ ማለቷ ራሷን አስፈራት።

ዊልፍ በደህና ገባ። አልተቆጣትም። «ሁለተኛ እንዳትመጪ፤ እኔም መንገዱን ሙሉ ስፈራ ነው የከረምኩት» አላት ብቻ።

አሥራ ሰባት ዓመት ያህል አልሄደችም። እሱ ማለዳ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ትመስላለች። ቻው እንኳ አይባባሉም። ልብስ ሲታጠብ ባልም አብሮ ታጥቦ በባሕር ይወሰዳል ስለሚባል የዚያን ዕለት ልብስ አታጥብም። አንድም ቀን አልተሳሳተችም፤ ፍርሃቱም አንድም ቀን አልቀነሰላትም።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ በየካቲት፣ መርከቡ ከነሰዎቹ ሰጠመ።

ጎረቤቶች ሊያጽናኗት መጡ። የወቀሳት የለም፤ ምን ብለው ይወቅሷታል? አንዷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ያን ጠዋት ዊልፍ እንዴት እንደነበር፣ ፊቱ ላይ ያየችው ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

ዶሪን፣ «ጫማውን ሲያስር ሰምቼዋለሁ» አለች። «ፊቱን አላየሁትም።»